በክኑት አንጎል ውስጥ የነበሩት ሴሎች ምን ያመርቱ ነበር?

እ.ኤ.አ. ማርች 19 ቀን 2011፣ በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 10 ቀን 2003 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ነበር። በበርሊን የአራዊት ማቆያ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች የነጩን ድብ ግቢ ከበው ቆመዋል። ልጅ ያዘሉ አሉ፣ ካሜራ የደገኑ አሉ። ክኑት የተባለው ነጭ ድብ ከውሃው ዳር ባለው ድንጋይ ላይ ነበር። በድንገት እዚያው ባለበት ይሽከረከር ጀመር። የኋላ እግሩ ተንቀጠቀጠ። ሰውነቱ ተገታተረና ወደ ኋላ ገንዳው ውስጥ ወደቀ። በሕይወት አልወጣም። ገና 4 ዓመት ከ3 ወሩ ነበር።

ቪዲዮው ወዲያው ዓለምን አዳረሰ። በርሊን አለቀሰች። ጣት መቀሰሩም አልዘገየም። ከሦስት እንስት ድቦች ጋር በአንድ ግቢ መኖሩ አስጨንቆት ነው ያሉ ነበሩ። ጥፋቱን በቀጥታ በአራዊት ማቆያው ላይ የጣሉም ነበሩ። ትክክለኛው መልስ እስኪገኝ ግን ከ4 ዓመት በላይ ፈጀ። መንገዱን የከፈተውም ሰው የሚያክም አንድ የነርቭ ሐኪም ነው።

ይህን ጉዳይ የመረጥኩት ድቡ ስላሳዘነኝ ብቻ አይደለም። የሰውነታችን መከላከያ በገዛ አንጎላችን ላይ ሲነሳ ምን እንደሚሆን ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ ጉዳይ አላውቅም። በተለይ ደግሞ አንቲቦዲ፣ ማለትም ባዕድ ነገር ላይ የሚጣበቅ የመከላከያ ፕሮቲን፣ የሚያመርቱት ሴሎች የት እንደሚቀመጡና ለምን በቀላሉ እጅ እንደማይሰጡ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል።

ስለ ክኑት ሕይወት ባጭሩ ልበል። የተወለደው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 5 ቀን 2006 ነው። እናቱ ቶስካ እሱንም መንትያውንም አልቀበልም አለች። መንትያው በቀናት ውስጥ ሞተ። ክኑት አንድ ኪሎ እንኳ የማይሞላ ግልገል ነበር። ቶማስ ዶርፍላይን የተባለ ተንከባካቢ በጡጦ እያጠባ፣ አጠገቡ እየተኛ አሳደገው። በማርች 2007 ለሕዝብ ሲቀርብ ጋዜጠኞች በመቶዎች ጎረፉ። የጀርመን የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስትር ሳይቀር የክርስትና አባት ዓይነት ሆኑለት። ዶርፍላይን በሴፕቴምበር 2008 በ44 ዓመቱ በልብ ሕመም አረፈ። ክኑት ሲሞት እንግዲህ መላው ጀርመን የሚያውቀው እንስሳ ነበር። ይህ ዝና ለሳይንሱም ጠቅሟል ብዬ አምናለሁ። ተራ ድብ ቢሆን ኖሮ ያን ያህል የሚደክምለት ይገኝ እንደነበር እጠራጠራለሁ።

አስከሬኑን የመረመረው በዚያው በበርሊን ያለው የላይብኒትስ የአራዊትና የዱር እንስሳት ምርምር ተቋም ነው። ቡድኑ አንጎሉን ሲከፍት ከባድ ብግነት አገኘ። አንጎል ብቻ ሳይሆን ሽፋኑና ህብለ ሰረሰሩም ተቆጥተዋል። መግል ግን የለም። ሞቱን ያመጣው መስጠም ነው። ያሰጠመው ደግሞ ከብግነቱ የመጣው መንቀጥቀጥ ነው። እዚህ ድረስ ግልጽ ነበር። ብግነቱን ምን አመጣው? እሱ ነው የጠፋው።

መግል የሌለው የአንጎል ብግነት ሲታይ የማንም ሐኪም ሐሳብ ወደ ቫይረስ ነው የሚሄደው። የበርሊኖቹ ጥርጣሬ ደግሞ ተጨማሪ ምክንያት ነበረው። ከዓመት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ2010፣ በቩፐርታል የአራዊት ማቆያ አንዲት ነጭ ድብ በአንጎል ብግነት ሞታ ነበር። ገዳዩ በሜዳ አህያ ላይ የሚገኝ የሄርፒስ ቫይረስ ዝርያ ሆኖ ተገኘ። አብሯት ታሞ የተረፈው ወንድ ድብ ደግሞ ላርስ ይባላል። የክኑት አባት ነው! ታዲያ ልጁም በዚያው ሞተ ብሎ የማይጠረጥር ማን አለ?

ፍለጋው ቀላል አልነበረም። በአሌክስ ግሪንውድና በክላውዲያ ሴንቲክስ የሚመራው ቡድን ቫይረሱን፣ ባክቴሪያውን፣ ጥገኛ ተውሳኩን ሁሉ በየተራ ፈተሸ። ከአንጎሉ የወጣውን የዘረመል ቅንጣት በዘመናዊ ማሽን አንብቦ የማይታወቅ ጀርም ዱካ ፈለገ። በደሙ ውስጥ የኢንፍሉዌንዛ አንቲቦዲ ተገኘ። ይህ ማለት ድቡ አንድ ወቅት ከኢንፍሉዌንዛ ጋር ተገናኝቷል ማለት ነው። አንጎሉ ውስጥ ግን ቫይረሱ የለም። እ.ኤ.አ. በ2014 መጀመሪያ ላይ የወጣው የጥናት ዘገባ ያንን ሁሉ ድካም ዘርዝሮ ገዳዩ ጀርም አልተገኘም በሚል ተቋጨ። ናሙናዎቹ ግን አልተጣሉም። ከአንጎሉና ከህብለ ሰረሰሩ ዙሪያ የተቀዳው ፈሳሽ ማቀዝቀዣ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ለዚህ ውሳኔ ትልቅ አክብሮት አለኝ። ያ ፈሳሽ ተጥሎ ቢሆን ኖሮ ታሪኩ እዚህ ላይ ያበቃ ነበር።

አሁን በዚያው ከተማ ወዳለ ሆስፒታል እንለፍ። ሐራልድ ፕሩስ በሻሪቴ ሆስፒታልና በጀርመን የነርቭ ማሽቆልቆል በሽታዎች ማዕከል የሚሠራ የነርቭ ሐኪም ነው። ከሚያክማቸው ሕሙማን ብዙዎቹ ወጣቶች ናቸው። ነገሩ የሚጀምረው በራስ ምታት ወይም ጉንፋን በሚመስል ስሜት ነው። ከዚያ በቀናት ውስጥ ባህሪ ይለወጣል። እንቅልፍ ይጠፋል። ፍርሃት፣ ጥርጣሬ፣ የሌለ ድምፅ መስማት ይመጣል። ቀጥሎ መንቀጥቀጥ። አፍና ፊት ያለማቋረጥ ይንቀሳቀሳሉ። ንግግር ይቆማል። ከፍቶ ሲሄድ ትንፋሽና የልብ ምት ይዛባሉ፤ ሕመምተኛው ጽኑ ሕሙማን ክፍል ይገባል።

የዚህ በሽታ ስም ከመታወቁ በፊት ስንት ወጣት በአእምሮ ሕመም ክፍል ተዘግቶበት እንደቀረ ማን ያውቃል። በእኛ አገር ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ቤት ሲገባ በመጀመሪያ የሚታሰበው ልክፍት ነው፤ ጉዞውም ወደ ጠበል ነው። ጠበል አትሂዱ አልልም። ግን ጤነኛ የነበረ ልጅ በሳምንታት ውስጥ ሌላ ሰው ሲሆን፣ በተለይ መንቀጥቀጥና ግራ መጋባት ከተከተለ፣ ጎን ለጎን የነርቭ ሐኪም ይየው። እባካችሁ አታቆዩት።

በሽታውን የለዩት ጆሴፕ ዳልማውና ባልደረቦቹ ናቸው። ዳልማው በወቅቱ በአሜሪካ በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ይሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 ቴራቶማ የሚባል የእንቁልጢ ዕጢ ያለባቸውን አራት ሴቶች ጉዳይ አወጡ። ሁሉም ተመሳሳይ የአእምሮ ሁከት ነበረባቸው። ቴራቶማ እንግዳ ዕጢ ነው። ውስጡ ፀጉር፣ ጥርስ፣ አንዳንዴም የነርቭ ሕብረ ሕዋስ ይበቅላል። እ.ኤ.አ. በ2007 የ12 ሴቶችን ጉዳይ ይዘው አንቲቦዲው በትክክል የሚያርፍበትን ነገር አገኙት። ኤንኤምዲኤ የሚባለው የነርቭ ሴሎች ተቀባይ ነው፤ በሴሉ ገጽ ላይ ሆኖ መልእክት የሚቀበል ፕሮቲን ማለት ነው። በሽታውም ፀረ ኤንኤምዲኤ ተቀባይ የአንጎል ብግነት ተባለ።

ይህ ተቀባይ ለማስታወስና ለመማር የግድ የሚያስፈልግ ነው። ሲዘጋ ምን እንደሚመጣ ሐኪሞች ቀድመው ያውቁ ነበር፤ ምክንያቱም የሚዘጋ መድኃኒት አለ። ኬታሚን ነው። በአገራችን ሆስፒታሎች ለማደንዘዣ በሰፊው የሚሰጠው ኬታሚን። በኬታሚን ተደንዝዞ ሲነቃ የቃዠ፣ የሌለ ነገር ያየ፣ ከገላዬ ወጥቼ ነበር ያለ ዘመድ ያላችሁ ነገሩ ይገባችኋል። የእነዚያ ሕሙማን ሰውነት ይህንኑ ተቀባይ በገዛ አንቲቦዲው ከሥራ ውጭ እያደረገው ነበር።

ፕሩስ የክኑትን የምርመራ ዘገባ ሲያነብ ከራሱ ሕሙማን ጋር የሚመሳሰል ነገር አየ። ወጣት ነው። በድንገት ተንቀጠቀጠ። አንጎሉ ተቆጥቷል። ጀርም የለም። ከግሪንውድ ጋር ተገናኙ። ያ ከማቀዝቀዣ ያልወጣ ፈሳሽ ለሰው በሚሠራበት መስፈርት ተፈተሸ።

ምርመራው እንዴት እንደሚሠራ ላስረዳ፤ ለዓይን የሚያምር ነገር ነው። እንደ ወረቀት የሳሳ የአይጥ አንጎል ቁራጭ በመስታወት ላይ ይዘረጋል። የታማሚው ፈሳሽ ጠብ ይደረግበታል። ፈሳሹ ውስጥ አንጎል ላይ የሚጣበቅ አንቲቦዲ ካለ ይይዛል፤ ከሌለ ሲታጠብ አብሮ ይሄዳል። ቀጥሎ አንቲቦዲን የሚለይና የሚያበራ ቀለም ይጨመራል። በማይክሮስኮፕ ሲታይ የማስታወስ ማዕከል የሆነው ሂፖካምፐስ ከሌላው ክፍል ተለይቶ ደምቆ ይወጣል፤ ተቀባዩ በብዛት የሚገኘው እዚያ ነውና። ከዚያ ለማረጋገጥ፣ ተቀባዩን እንዲይዙ ተደርገው በቤተ ሙከራ ባደጉ ሴሎች ላይ ይደገማል።

የክኑት ፈሳሽ ኤንአር1 በሚባለው የተቀባዩ ክፍል ላይ የሚያነጣጥር አንቲቦዲ በከፍተኛ መጠን ነበረበት። ውጤቱ በኦገስት 2015 ይፋ ሆነ። ከሰው ውጭ በዚህ በሽታ መያዙ የተመዘገበለት የመጀመሪያው ፍጡር ክኑት ሆነ።

አሁን ወደ ርዕሴ። ተመራማሪዎቹ የአንጎሉን ቁራጭ እንደገና በማይክሮስኮፕ ሲያዩ ሁለት ነገር ጎልቶ ታያቸው። አንደኛ፣ በተጎዱት የአንጎል ክፍሎች ውስጥ ፕላዝማ ሴሎች ሰፍረዋል። ሁለተኛ፣ የሞቱት የነርቭ ሴሎች ጥቂት ናቸው። በሰው ላይም የሚታየው ይኸው ነው። እነዚህ ሁለት ነገሮች ተደምረው የበሽታውን ጠባይ ይነግሩናል። አንድ በአንድ ልያቸው።

ፕላዝማ ሴል ከየት ይመጣል? መነሻው ቢ ሴል የሚባለው ነጭ የደም ሴል ነው። እያንዳንዱ ቢ ሴል ከመቅኔ ሲወጣ የራሱን የመለያ ቅርጽ ይዞ ይወጣል። ከሚሊዮኖቹ የአንዱ ቅርጽ ከአንድ ባዕድ ነገር ጋር ከገጠመ፣ ቲ ሴሎች የሚባሉ ሌሎች ነጭ የደም ሴሎች ሲያግዙት ይባዛል። ከተባዙት ከፊሎቹ ትዝታ ይዘው ይቀመጣሉ። ሌሎቹ መልካቸውን ይቀይራሉ። ያብጣሉ፣ ውስጣቸው ፕሮቲን በሚሠራ ክፍል ይሞላል፣ ዘረመል የያዘው ኒውክለሳቸው ወደ አንድ ጥግ ይገፋል። በማይክሮስኮፕ የሚለዩት በዚህ ነው፤ ኒውክለሱ መሀል ላይ አይደለም። ከዚህ በኋላ ፕላዝማ ሴል ሆነዋል። ሥራቸው አንቲቦዲ ማመንጨት ነው። አንዷ ሴል በሰከንድ በሺዎች የሚቆጠር አንቲቦዲ ትለቃለች።

ክትባት የሚሠራው በእነዚህ ሴሎች ነው። ያለ እነሱ አንኖርም። የራስን አካል የሚለዩ ቢ ሴሎች ደግሞ አብዛኞቹ ገና በማደግ ላይ ሳሉ ይወገዳሉ ወይም እንዲተኙ ይደረጋሉ። አንዳንዱ ግን ያመልጣል። ያመለጠው ቀስቃሽ ካገኘ ጣጣው ይመጣል።

የክኑት ጉዳይ ያስተማረኝ ትልቁ ነገር እዚህ ላይ ነው። አንጎል ውስጥ የመከላከያ ሴሎች ሲታዩ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ማን ጠራቸው ብሎ ነው። ስለዚህ ጀርም ይፈለጋል። ፕላዝማ ሴልን ግን ሌላ ጥያቄም መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ምን እያመረትክ ነው? በክኑት ጉዳይ የመጀመሪያው ጥያቄ ለዓመታት ተጠየቀ፣ መልስም አልተገኘም። ሁለተኛው ሲጠየቅ በማቀዝቀዣ የነበረው ፈሳሽ መለሰ።

ሴሎቹ አንጎል ውስጥ መስፈራቸው ለምርመራም ለሕክምናም ለውጥ ያመጣል። አንጎል ደም የያዘው ሁሉ ዝም ብሎ የሚገባበት ቦታ አይደለም። በደም ሥሮቹ ግድግዳ ላይ ጥብቅ አጥር አለ። አንቲቦዲ ይህን አጥር የሚያልፈው በጣም በጥቂቱ ነው። ቢ ሴሎችና ፕላዝማ ሴሎች ግን ራሳቸው ተሻግረው ገብተው እዚያው ይሠራሉ። ስለዚህ በደም ውስጥ አንቲቦዲው ጥቂት ሆኖ ወይም ጭራሽ ሳይገኝ፣ በአንጎል ዙሪያ ባለው ፈሳሽ ውስጥ ግን በብዛት ሊኖር ይችላል። ደም ብቻ ሲመረመር ከ100 ታማሚዎች 14 ያህሉ ሊያመልጡ እንደሚችሉ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ጥናት አሳይቷል። ከወገብ በመርፌ የሚቀዳው ፈሳሽ አስፈላጊ የሚሆነው ለዚህ ነው። ብዙ ቤተሰብ ያንን መርፌ ይፈራል። ልጄን ሽባ ያደርግብኛል የሚል ወሬ በየሰፈሩ አለ። መርፌው የሚገባው ህብለ ሰረሰሩ ካበቃበት ዝቅ ብሎ ነው። ሐኪሙ ካዘዘው እሺ በሉ።

ሁለተኛው ነገር፣ የነርቭ ሴሎቹ በብዛት አለመሞታቸው፣ የተስፋው ምንጭ ነው። አንቲቦዲው ሁለት ክንድ አለው። ሁለት ተቀባዮችን በአንዴ ይይዝና ያጣብቃቸዋል። የነርቭ ሴሉ የተጣበቁትን ወደ ውስጥ ስቦ ያስገባቸዋል። ከላይ የሚቀረው ተቀባይ ይመናመናል፤ መልእክት መቀበል ይደክማል። ሴሉ ግን አልሞተም። አንቲቦዲው ሲወገድ ተቀባዩ ተመልሶ ወደ ላይ ይወጣል። ይህ በቤተ ሙከራ ታይቷል፣ በሕሙማንም ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣና 577 ሕሙማንን የተከታተለ ጥናት፣ ከታከሙትና እስከ ሁለት ዓመት ክትትል ከተደረገላቸው 81 በመቶ ያህሉ ጥሩ ደረጃ ላይ እንደደረሱ አሳይቷል። ማገገሙ ግን ወራትን፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይፈጃል። ልጃቸው በሁለተኛው ወር ገና ሳያወራ ያዩ ወላጆች ይህን ቢያውቁ ደስ ይለኛል።

ሕክምናው ታዲያ ምንድነው? ዕጢ ካለ ይወጣል። ብግነት የሚያበርድ ስቴሮይድ ይሰጣል። የደም ፕላዝማ፣ ማለትም የደሙ ፈሳሽ ክፍል፣ ይጣራል፤ ወይም ከብዙ ለጋሾች የተሰበሰበ አንቲቦዲ በደም ሥር ይሰጣል። እነዚህ የመጀመሪያ ደረጃ ናቸው። ችግሩ፣ አምራቾቹ ሴሎች በቦታቸው እስካሉ ድረስ ደሙን ማጣራት ብቻውን ቧንቧ ሳይዘጉ ወለል እንደ መጥረግ ነው። ስለዚህ ወደ ሴሎቹ ይኬዳል።

እዚህ ላይ ጥሩ ጥሩ መድኃኒቶችን የሚፈትን እንቅፋት አለ። ሪቱክሲማብ የሚባለው መድኃኒት ቢ ሴሎችን የሚያጠፋው ሲዲ20 የሚባለውን ምልክታቸውን እያየ ነው። ቢ ሴል ወደ ፕላዝማ ሴል ሲለወጥ ይህን ምልክት ያወልቀዋል። መድኃኒቱ እንግዲህ የነገዎቹን አምራቾች ይጠርጋል፤ የዛሬዎቹን ግን አያያቸውም። ዕድሜያቸው አጭር የሆኑት በራሳቸው ያልቃሉ። ዕድሜ ያላቸው፣ በመቅኔ ውስጥ ወይም ብግነት ባለበት ሕብረ ሕዋስ ውስጥ የተደላደሉት ግን ማምረታቸውን ይቀጥላሉ። አንዳንድ ታማሚ ቶሎ የማይነሳው በከፊል ለዚህ ይመስለኛል።

የሻሪቴ ሐኪሞች ለእንዲህ ዓይነት እምቢ ላሉ ጉዳዮች ቦርቴዞሚብን ሞክረዋል። መልቲፕል ማየሎማ ለሚባለው የመቅኔ ካንሰር የሚሰጥ መድኃኒት ነው። ማየሎማ ራሱ የፕላዝማ ሴል ካንሰር ነው፤ ስለዚህ ሐሳቡ ቀጥተኛ ነው። ፕላዝማ ሴል ቀን ከሌት ፕሮቲን ስለሚሠራ ቆሻሻ ይበዛበታል። መድኃኒቱ የሴሉን ቆሻሻ ማስወገጃ ሲዘጋበት ከሌሎቹ ሴሎች ቀድሞ እሱ ይሞታል። በጥቂት ሕሙማን ላይ ተስፋ ሰጪ ውጤት ታይቷል። ከጎንዮሽ ጉዳት ነፃ አይደለም፤ የእጅና የእግር ነርቭን ሊጎዳ ይችላል። ለሁሉም የሚታዘዝ አድርጌ እንዳላቀርበው።

የፕሩስ ቡድን በክኑት አላቆመም። እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ሥራ ከሕሙማን የአንጎል ፈሳሽ ውስጥ አንቲቦዲ አምራች ሴሎችን አንድ በአንድ ለየ። የእያንዳንዱን ሴል የአንቲቦዲ ዘረመል አንብቦ አንቲቦዲውን በቤተ ሙከራ እንደገና ሠራው። ይህን ሥራ በጣም እወደዋለሁ፤ እያንዳንዱ ሴል ምን ታመርታለህ ተብሎ የተጠየቀበት ነውና። መልሱም አስገራሚ ነበር። ተቀባዩ ላይ የሚያነጣጥረው አንቲቦዲ ብቻውን፣ ሌላ ረዳት ሳያስፈልገው፣ ተቀባዩን ከነርቭ ሴል ላይ ይቀንሳል። ከሴሎቹ ብዙዎቹ ደግሞ ይህን ተቀባይ ሳይሆን ሌሎች የአንጎል ክፍሎችን የሚነኩ አንቲቦዲዎች ያመርቱ ነበር። አንዳንዱ አንቲቦዲ እንዲያውም ምንም ሳይሻሻል፣ ከተወለደበት ቅርጽ ሳይለወጥ ጎጂ ሆኖ ተገኝቷል። ይህ ማለት ጥፋቱን ሊያደርስ የሚችል ቢ ሴል በብዙ ጤነኛ ሰው ውስጥም ተኝቶ ሊኖር ይችላል ማለት ነው።

ያው የበርሊን ቡድን እ.ኤ.አ. በ2023 ሌላ መንገድ አሳየ። ቲ ሴሎችን ወስዶ በላያቸው ላይ የኤንኤምዲኤ ተቀባይን ቁራጭ እንደ ማጥመጃ ተከለ። ተቀባዩን የሚያጠቃው ቢ ሴል ማጥመጃውን ለመያዝ ሲቀርብ ቲ ሴሉ ይገድለዋል። ሌሎቹ ቢ ሴሎች፣ ከጀርም የሚጠብቁን፣ አይነኩም። ይህ በቤተ ሙከራና በአይጥ ላይ የተሠራ ነው። ከሪቱክሲማብ ጋር ስታነጻጽሩት ልዩነቱ ይታያችኋል፤ ሪቱክሲማብ ጥፋተኛውንም ንፁሁንም አብሮ ነው የሚጠርገው።

ሁሉም የአንጎልና የህብለ ሰረሰር የራስ መከላከያ በሽታ ግን በአንድ መንገድ አይሄድም። ለምሳሌ የነርቭ ክሮችን ሽፋን የሚያጠቃውን መልቲፕል ስክለሮሲስን እንውሰድ። ለዚህ በሽታ እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካ የተፈቀደው ኦክሬሊዙማብ የተባለው መድኃኒት ልክ እንደ ሪቱክሲማብ ሲዲ20 ያላቸውን ቢ ሴሎች የሚያጠፋ ነው። ግርሻው ይቀንሳል። በአንጎል ፈሳሽ ውስጥ ያለው አንቲቦዲ ግን ብዙም አይቀንስም። እንግዲህ እዚያ ቢ ሴሉ የሚጎዳው በአንቲቦዲው ብቻ አይደለም ማለት ነው። ለቲ ሴሎች ዒላማ እያሳየና የሚቀሰቅሱ ኬሚካሎች እየለቀቀ የሚያደርሰው ጉዳት ይበልጣል። የዓይን ነርቭንና ህብለ ሰረሰርን በሚያጠቃው ኒውሮማየላይትስ ኦፕቲካ ደግሞ ነገሩ ወደ ክኑት ይጠጋል፤ አንቲቦዲው ራሱ አጥፊ ነው። ለዚያ በሽታ እ.ኤ.አ. በ2020 የተፈቀደው ኢነቢሊዙማብ ሲዲ19 የሚባለውን ምልክት ነው የሚያየው። ይህ ምልክት ገና ወደ ፕላዝማ ሴልነት በመለወጥ ላይ ባሉት ላይም ስለሚቆይ፣ ሪቱክሲማብ የማያያቸውን የተወሰኑ አምራቾች ይደርስባቸዋል።

ወደ ድቡ ልመለስ፤ አንድ ያልተፈታ ነገር አለ። የክኑትን ቢ ሴሎች ምን ቀሰቀሳቸው? በሰው ላይ ሁለት ቀስቃሾች በደንብ ይታወቃሉ። አንዱ ቴራቶማ ነው። ሌላው በሄርፒስ ቫይረስ የመጣ የአንጎል ብግነት ነው። ቫይረሱ ታክሞ ከጠፋ ከሳምንታት በኋላ ሕመምተኛው እንደገና ሲወድቅ፣ ብዙ ጊዜ ቫይረሱ አልተመለሰም፤ አዲስ የተፈጠረው አንቲቦዲ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ የስፔን ጥናት ከእነዚህ ሕሙማን ከአራቱ አንዱ ገደማ በወራት ውስጥ ይህ እንደሚደርስበት አሳይቷል። በክኑት ደም ውስጥ የኢንፍሉዌንዛ አንቲቦዲ ነበር። ያ ኢንፌክሽን ነው የቀሰቀሰው ለማለት ግን ማስረጃ የለም። በሰው ላይም ከግማሽ በላይ በሚሆኑ ጉዳዮች ቀስቃሹ አይገኝም።

ሊድን ይችል ነበር ወይ? በሽታው የሚታከም ነው። ነጭ ድብን አደንዝዞ ከወገቡ ፈሳሽ መቅዳት ግን ቀላል አይደለም፤ ያኔ በእንስሳ ላይ ይህን በሽታ የሚጠረጥርም አልነበረም። በተንከባካቢዎቹ ላይ የተቀሰረው ጣት ተገቢ አልነበረም ብዬ አምናለሁ።

የበርሊኖቹ ጥናት በሽታው በአጥቢ እንስሳት ዘንድ ሰፊ ሊሆን እንደሚችል፣ እስካሁንም ሳይታወቅ እንደቀረ አመልክቷል። በአራዊት ማቆያዎችና በእንስሳት ሕክምና ቤቶች ምክንያቱ አልታወቀም ተብለው የተዘጉ የአንጎል ብግነት መዝገቦች አሉ። ከአንዳንዶቹ ጋር ፈሳሹም ሳይጣል ተቀምጦ ይሆናል። ምርመራው አለ፤ ጥቂት ጠብታ ይበቃዋል። እነዚያ ናሙናዎች ወጥተው ይፈተሹ።